ያልተተኮሰበት ሪቮልቨር ሲሊንደር ላይ ጭረት እንዳይወጣ

ከፋብሪካ ሙከራ ውጭ ያልተተኮሰበት የድሮ ኮልት ፓይተን ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የሲሊንደሩን (ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል) ዙሪያ የሚከተል ቀጭን መስመር ይወጣበታል። ልምድ ያለው ገዢ ቶሎ የሚያየው እሱን ነው፤ ዋጋ የሚወርደውም በእሱ ነው።

መላው ይህ ነው፦ ሁሉም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሲሊንደሩ ከሚቀመጥበት ክፍተት ወለል ላይ ብቅ ያለችውን ትንሽ የብረት ምላስ ፈልጉ። ከመዝጋታችሁ በፊት፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ ካሉት ስርጉዶች አንዱ ልክ እሷ ላይ እንዲያርፍ በጣት አዙሩትና በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ምላሷን ከስር ስፕሪንግ ይገፋታል። ስርጉዱን ከሳተች ለስላሳው ገጽ ላይ ትቀመጥና፣ እስክትገባ ስታዞሩት ሰማያዊውን ልባስ እየፋቀች ትሄዳለች። በእጅ አንጓ ወርወር አድርጎ መዝጋት የፊልም ነገር ነው፤ ሲሊንደሩን የተሸከመውን ክንድ ያጣምማል፣ ያ ደግሞ ከጭረትም ይብሳል።

የ1873ቱ ኮልት ሲንግል አክሽን አርሚ ላይ ይህ አይሠራም፤ ሲሊንደሩ ወደ ጎን አይወጣም። እዚያ መምቻውን (ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳበውን ብረት) ግማሽ ድረስ ከተሳበበት ቦታ በቀጥታ አታውርዱት። እስከ መጨረሻው ስባችሁ፣ አጥብቃችሁ ይዛችሁ፣ ከዚያ ቃታውን ስባችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት።

መስመሩ ቀድሞ ካለ በቀለም አትሸፍኑት። ሰብሳቢ ከጭረት ይልቅ የተነካካ ልባስ ይጠላል።