የድባቴ መድኃኒት ስንወስድ የምንሠራቸው ስህተቶች

የድባቴ መድኃኒት አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ጣጣው ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

«አንድ ሳምንት ዋጥኩት፣ ምንም የለም»

ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ኤስኤስአርአይ ከሚባለው ቡድን ናቸው። የነርቭ ሴሎች መልእክት ሲለዋወጡ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፣ ከዚያ መልሰው ይስቡታል። መድኃኒቱ ይህን መልሶ መሳብ ያግዳል፣ ሴሮቶኒኑም በሴሎቹ መሀል ይቆያል። ይሄ የሰዓታት ሥራ ነው። ስሜት ግን በሰዓታት አይቃናም። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል።

አምስተኛው ቀን ላይ ያለ ሰው አስቡ። ሆዱ ይገለባበጣል፣ ቁርሱን ማየት አስጠልቶታል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሯል። ሐዘኑ ደግሞ እዚያው ነው። ኪኒኑን ወዲያ ቢወረውረው አልፈርድበትም። ግን ማቅለሽለሹ ለብዙዎች በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይበርዳል፤ ከምግብ ጋር መዋጡም ያግዛል።

ትዕግሥት የማያሻው አንድ ነገር አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ከባሰ፣ በዚያው ቀን ለሐኪም መንገር ነው። ይህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ሰዎች ላይ ሊከሰት ይችላል፤ የቤት ሰውም ዓይኑን አይንቀል።

«ተሽሎኛል፣ በቃኝ»

የተሻለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጠላል። በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው ሊያዞረው፣ በቅዠት ሊባንን፣ በትንሽ ነገር ሊነጫነጭ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ይሰማዋል። ያኔ «ሱስ አስያዙኝ!» ይላል። ሱስ አይደለም፤ አያምረውም፣ መጠኑን ጨምሩልኝም አያሰኘውም። ሰውነቱ ስለለመደው ነው። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን በዚህ ይብሳሉ። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይሻላል። ለማንኛውም፣ ማቆም ከሐኪም ጋር፣ መጠኑን በሳምንታት እየቀነሱ ነው።

«ያው የድባቴ ኪኒን አይደል? የጓደኛዬን ልሞክር»

ያው አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ከቆየው የትራይሳይክሊክ ቡድን ነው። ከሴሮቶኒን ሌላ ብዙ ነገር ስለሚነካ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ቬንላፋክሲን ኖርኤፒነፍሪን የሚባለውን ሌላ የነርቭ ኬሚካልም ስለሚጨምር የደም ግፊት መለካት ያስፈልጋል። ሚርታዛፒን ያስተኛል፣ ክብደት ይጨምራል። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ኤምኤኦአይ የሚባሉትን የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ የቆየ አይብ እንኳ መብላት የለበትም፤ ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ከፍሉኦክሰቲን ወደ እነሱ ለመዛወር 5 ሳምንት ይጠበቃል።

ሌላም አለ። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ዓለም በእጄ ነው ያሉበት ጊዜ ካለ፣ ሐኪሙ ይህን ሳይሰማ መድኃኒቱ አይጀመር። ሕመሙ ባይፖላር (ስሜት በድባቴና እንዲህ ባለ ከልክ ያለፈ ግለት መሀል የሚዋዥቅበት) ከሆነ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ወደዚያ ሊመልስ ይችላል።

«ይሄን እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ስለ ወሲብ ነው። ኤስኤስአርአይ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እርካታ ያዘገያል። ብዙዎች አፍረው ዝም ይሉና መድኃኒቱን ያቆማሉ። ሐኪሙ ግን ይህን ደጋግሞ ሰምቶታል፤ መጠን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር ይቻላል።

«ለሕመም ብቻ ነው የገዛሁት»

የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና መዘባረቅ ከመጣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። አይቡፕሮፌን ደግሞ ከኤስኤስአርአይ ጋር ጨጓራ የማድማት ዕድሉን ይጨምራል። ፋርማሲ ሲገቡ የሚወስዱትን የድባቴ መድኃኒት በስሙ ይናገሩ፤ ስሙ ካልተያዘልዎ ማሸጊያውን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያሳዩ።