በትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ በዳኛ ውሳኔ ላይ ክስ እንዴት ይያዛል?

ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀቱ በረድ ሲል በሚጀመር የተማሪዎች ጨዋታ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ከዳር «አቦ ዳኛ!» የሚል ጩኸት አይጠፋም። በጩኸት የተቀየረ ውሳኔ የለም። ሊታረም የሚችል ስህተት ግን አለ፤ ሰዓቱ ካላለፈ።

መጀመሪያ ስህተቱን ለዩ። የተጋጩት ልጆች ጥፋተኛው ማን ነው፣ አጥቂው ኳሷን ሳያነጥር ተራምዷል ወይስ አልተራመደም፣ የተመታው እጅ ነው ወይስ ኳሷ፦ ይህ ሁሉ የዳኛው እይታ ስለሆነ በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ክስ አይያዝበትም። በተመልካች ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዞ ወደ ዳኛ መሮጥም ትርፉ ቴክኒካል ፋውል (የጠባይ ጥፋት ቅጣት) ነው። ክስ የሚያዘው ሳይታረም በቀረ የነጥብ፣ የሰዓት ወይም የ24 ሰከንድ (የማጥቂያ ጊዜ ቆጠራ) ስህተት፣ ጨዋታን በማቋረጥ፣ በመሰረዝ ወይም በፎርፌ በመዝጋት ውሳኔ፣ እንዲሁም በተጫዋች ተገቢነት ላይ ብቻ ነው።

ከጨዋታው በፊት ሜዳውን እዩ። በአንድ ሲሚንቶ ላይ የመረብ ኳስና የእጅ ኳስ መስመር አብሮ ከተቀባ የሦስት ነጥቡ መስመር የትኛው እንደሆነ ከዳኞቹ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከዚያ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ተቀያሪዎች ጋር ይቀመጥ። ነጥብ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ፋውል፣ የቡድን ፋውልና ታይም አውት ይመዝግብ፤ ሩብ ባለቀ ቁጥር ከጠረጴዛው (ከመዝጋቢዎቹ) ጋር ያመሳክር። ዳኛው የመለያ ቁጥሩን በጣቱ ሲያሳይ መዝጋቢው አጎንብሶ ያለፈውን ነጥብ እየጻፈ ከሆነ ፋውሉ ለሌላ ልጅ ይገባል፤ በ4 ፋውል መጫወት የሚገባው ልጅ በ5 ይወጣል። የዳኛን አድልዎ ከመፈለግ ይህን መከታተል ይበልጣል።

ስህተት ካያችሁ ሰዓቱ ቆሞ ኳሷ ስትሞት (ጨዋታው ሲቆም) አምበሉ ዳኛውን ይጠይቅ፤ አሰልጣኙም ያኔ ወደ ጠረጴዛው ይሂድ። «ዳኛ፣ ይቅርታ፣ ፋውሉ ለስንት ቁጥር ተመዘገበ?» ይበቃል። የድሬ ልጅ ለታላቁም «አንተ» ማለት ልማዱ ነው፤ ሜዳ ላይ ግን «እርስዎ» ይሻላል። በራሱ ጠባይ ሁለት ቴክኒካል ፋውል የተቆጠረበት አሰልጣኝ ከሜዳ ይባረራል።

ብዙ ቡድን የሚሸወደው በጊዜ ገደቡ ነው። ተጋጣሚያችሁ በአራተኛው ሩብ 4 የቡድን ፋውል ሠርቷል እንበል። ኳስ የያዘ ልጃችሁ ላይ አምስተኛውን ሲሠሩ ሁለት የቅጣት ምት ይገባችኋል፤ ጠረጴዛው ቆጠራውን ስለዘነጋ ዳኛው ኳሷን ከዳር አስጀመረ። ሰዓቱ ከተነሳ በኋላ ኳሷ መጀመሪያ በሞተችበት ቅጽበት ተናገሩ። ለምሳሌ ኳሷ ከዳር ወጥታ ከሆነ፣ ለሚያስጀምረው ልጅ ከተሰጠች በኋላ ምቱ የለም። በስህተት በተሰጣችሁ ኳስ አግብታችሁ ከሆነም ስህተቱ ይታለፋል። ያልተገባ የቅጣት ምት፣ በሌላ ተጫዋች የተመታ ምት፣ ዳኛው በስህተት የሰጠው ወይም የሰረዘው ነጥብም በዚሁ ገደብ ይታረማል። የመዝጋቢ የጽሑፍ ስህተት ግን ዋናው ዳኛ መዝገቡን እስኪፈርም ሊስተካከል ይችላል።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ክስ የሚያስይዘው አምበሉ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ በመዝገቡ ላይ ለክስ በተተወለት ቦታ ይፈርማል፤ የአሰልጣኙ ወይም የስፖርት መምህሩ ፊርማ የእሱን አይተካም። ምክንያቱ በ1 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይገባል። ስንተኛው ሩብ፣ ሰዓቱ ስንት ላይ፣ ነጥቡ ስንት ለስንት፣ የመለያ ቁጥር፣ የተጻፈውና ሊጻፍ የሚገባው ይስፈር። «ዳኛው አድልቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጨምሩ፤ እናንተን ለሌላ ክስ ይዳርጋችኋል። መዝገቡንም በስልክ ፎቶ አንሱት።

የክስ ማስያዣ ገንዘብ እንደየውድድሩ ስለሚለያይ፣ አዘጋጆችም የራሳቸውን የጊዜ ገደብ ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ የውድድሩን ደንብ ዕጣ በሚወጣበት ቀን ጠይቃችሁ ውሰዱ።