የዘይት ቀለሙን መጀመሪያ ካርቶን ላይ ጣሉት

ትንንሽ የፕላስቲክ ቅርጻ ቅርጾችን በዘይት ቀለም መቀባት ለምትለማመዱ፦ ከቱቦው የወጣውን ቀለም ወዲያው አትቀቡት። ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠብ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ካርቶኑ ትርፉን የተልባ ዘይት ይመጠዋል፤ ዙሪያውን የቅባት ቀለበት ሲሠራ ታያላችሁ። እንዲህ የተመጠጠ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አያብለጨልጭም።

ከሥር አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ቀቡና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ የካባው እጥፋት ውስጥ፣ ጠቆር ያለ ቡኒ የዘይት ቀለም ነካ አድርጉ። ጠርዙን በንጹሕና ደረቅ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ አዋህዱት። ለሰዓታት እርጥብ ስለሚቆይ ካላማራችሁ ትጠርጉታላችሁ። እኔ ከአክሪሊክ የማስበልጠውም ለዚሁ ነው።

ማቅጠኛው አኳራጅ ይሁን። ናይትሮ ቲነር ግን እንዳታስጠጉ፤ ፕላስቲኩን ሳይቀር ያቀልጠዋል። መስኮትም ክፈቱ።