የውጭ ድጋፍን ከወረዳው የጤና ዕቅድ ጋር ማጣጣም

ከውጭ አገር ሆኖ በኢትዮጵያ የሚገኝ ጤና ጣቢያን ለመደገፍ የተነሣ የባለሙያዎች ማኅበር ወይም አጋር ድርጅት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በዓመታዊ ዕቅዱ ይዞት በጀት ያጣለት ሥራ የትኛው እንደሆነ ነው። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን በሥሩ ይዞ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ በመሆኑ፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሚሠሩት የኬላ ባለሙያዎችም በውይይቱ ሊገኙ ይገባል።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ክረምት ከገባ በኋላ የሚቀርብ የድጋፍ ሐሳብ የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ የሚሸፍንለት በጀት ለማግኘት ይቸገራል፤ ንግግሩን በበጋው፣ ዕቅዱ ገና ረቂቅ ሳለ መጀመር ይሻላል። የጤናው ዘርፍ መርሕ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ስለሆነም፣ ለለጋሹ ብቻ የሚሞላ ቅጽ ከማዘጋጀት ይልቅ ጤና ጣቢያው በየወሩ ለወረዳው ከሚልከው ሪፖርት የሚፈለገውን ቁጥር መውሰድ ይበቃል። (ሁለቱንም ቅጽ የምትሞላው ያችው አዋላጅ ነርስ ናትና።)

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሕክምና መሣሪያ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የላቦራቶሪ ሴንትሪፊዩጅ (ናሙናን በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ) ብዙውን ጊዜ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ፣ ስለማይለውጠው፣ አንዳንዱ ሞተር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይም ይግላል። ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በጀርባው የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ መግለጫ ፎቶ አንሥቶ በአቅራቢያው ላለ ሆስፒታል የባዮሜዲካል ባለሙያ መላክ ያስፈልጋል። የደም መመርመሪያ ማሽን የአምራቹን ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ብቻ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ፣ አብሮት የተላከው ካርቶን ባለቀ ዕለት ሥራው ይቆማል። በእኔ አመለካከት፣ የሪኤጀንቱ አቅርቦት ያልተረጋገጠለትን ማሽን በነፃ ቢሰጡም አለመቀበል ይመረጣል።

መድኃኒት ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የልገሳ መመሪያ እንደሚለው፣ አገር ውስጥ ሲደርስ አገልግሎቱ ሊያበቃ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው መሆን አለበት፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ዕቃው ጤና ጣቢያው ሲደርስ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ መደረጉን መከታተል የለጋሹም ሥራ ነው፤ በንብረት መዝገብ ላይ ላልሰፈረ መሣሪያ የጥገና በጀት መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።