ዋጋው ሳይከብድ ጥሩ ባይኖኩላር እንዴት ይመረጣል

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጉሙ ከውኃው ላይ ገና ሳይነሣ ገፈርሳ ግድብ ዳር የቆመ ሰው፣ ባይኖኩላር የሚባለውን የሩቅ ማያ መነጽር የሸጠለት ሰው ያልነገረውን ነገር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይረዳዋል። ከሣሩ መሐል አንገቱን ደፍቶ የሚግጠው ወፍ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሚያስፈልገው ብርሃንና የማይንቀጠቀጥ ምስል ነው፤ የማጉላት ኃይል ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። በአነስተኛ ገንዘብ ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ስለሚነሣ ነው።

በመሣሪያው ላይ 8×42 ተብሎ ሲጻፍ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የሚታየውን ነገር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያመለክታል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ፤ ለ8×42 ይህ 5.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለኪስ ለሚመቸው 10×25 ግን 2.5 ብቻ ነው። የዓይናችን ብሌን በቀትር ፀሐይ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አይታወቅም፤ ሲነጋና ሲመሽ ግን ብሌኑ እስከ 5 ወይም 7 ስለሚሰፋ ትንሹ መሣሪያ ጨለማ ያሳያል። በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ፣ በጽድና በዝግባ ጥላ ሥር ጉሬዛ ወይም ድኩላ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እኩለ ቀንም ቢሆን ምሽት ነው ማለት ይቻላል። በተጨማሪም ማጉላቱ በጨመረ መጠን የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ያልተረጋጋ ሰው 12 እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ቢይዝ ዛፉ ሁሉ ሲወዛወዝ ያያል። ስለዚህ የእኔ ምክር 8×42፣ ገንዘቡ ካልፈቀደም 8×30 ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት መርካቶ ውስጥ 30×60 የሚል ጽሑፍ የታተመበት፣ ሌንሱ እንደ እሳት የሚቀላ አነስተኛ ባይኖኩላር ገዛሁ። ቤት ስደርስ በማስመሪያ ብለካው የፊት ሌንሱ 22 ሚሊ ሜትር፣ በዓይን መመልከቻው ላይ የሚታየው የብርሃን ክብ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ 22ን ለ3 ሲያካፍሉ የሚገኘው ከ7 እጥፍ ጥቂት ብቻ ይበልጣል እንጂ ወደ 30 አይጠጋም። ይህ ስሌት ለማንኛውም ባይኖኩላር ይሠራልና ትንሽ ማስመሪያ በኪስ ይዞ መሄድ አይከፋም። ቀይ ቅብ ያለው ሌንስ የቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉን አረንጓዴና ደብዛዛ ያደርገዋል። ባትሪ የሌለውን ተራ ባይኖኩላር «በሌሊት ያሳያል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ጉዞዎን ይቀጥሉ።

በባይኖኩላር ውስጥ ያለው ፕሪዝም፣ ማለትም የተገለበጠውን ምስል የሚያቀናው መስታወት፣ ሁለት ዓይነት ነው። ፖሮ የሚባለው የፊት ሌንሶቹ ከዓይን መመልከቻዎቹ ሰፋ ብለው የሚቀመጡበት፣ ትከሻው የወጣ የድሮ ቅርጽ ነው፤ ሩፍ የሚባለው ደግሞ ቀጥ ያሉ ሁለት ቱቦዎችን ይመስላል። ሩፍ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አሠራርና ልዩ ቅብ ስለሚፈልግ፣ በተመሳሳይ አነስተኛ ዋጋ ከሁለቱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ፖሮው ነው። የፖሮው ጉድለት ክብደቱና ብዙውን ጊዜ ውኃን መከላከል አለመቻሉ ነው፤ በክረምት አዘውትሮ የሚወጣ ሰው ውስጡ ጉም እንዳይቋጥር ናይትሮጅን የተሞላ ሩፍ ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ከመክፈል በፊት መሣሪያውን ከሱቁ ደጃፍ ይዞ መውጣት ይገባል። መጀመሪያ የፊት ሌንሱ ላይ የአምፖል ወይም የሰማይ ነጸብራቅ ይመልከቱ፦ ነጸብራቁ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ቅብ አለው፣ ነጭ ከሆነ ግን የለውም። ቅብ የሌለው እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ስለሚመልስ፣ ብዙ ሌንስ ባለው መሣሪያ ጉዳቱ ይደራረባል፤ «ፉሊ መልቲ ኮትድ» የሚለው ጽሑፍ ሁሉም ገጾች በብዙ ንብርብር መቀባታቸውን ይገልጻል። ቀጥሎ መሣሪያውን ክንድዎን ዘርግተው ወደ ሰማይ ያዙትና በዓይን መመልከቻው ውስጥ ያለውን የብርሃን ክብ ይዩት፤ ጫፎቹ ግራጫ ሆነው አራት ማዕዘን የሚመስል ከሆነ ፕሪዝሙ ቢኬ7 የሚባለው ርካሹ መስታወት ነው፣ ሙሉ ክብ ከሆነ ግን የተሻለው ባክ4 ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የሁለቱ ቱቦዎች መግጠም ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ያነጣጥሩ፤ ከዚያም ባይኖኩላሩን ከዓይንዎ ቀስ እያሉ ያርቁት። በግራና በቀኝ ያለው የጣሪያ መስመር አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ያ መሣሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይሰጥዎታል፣ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የስልክ መብራት በፊት በኩል አብርተው ውስጡን ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አያነጣጥሩ።

መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከመመልከቻው ርቆም ሙሉውን ምስል ማየት የሚችልበት ርቀት ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጥ።

ፈቃድ ያለው አዳኝ የጠመንጃ ቴሌስኮፕ ሲመርጥ ጉዳዩ ይለያል። በአነስተኛ ዋጋ ከሚገኝ፣ ማጉላቱ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ከሚለዋወጥ 3-9×40 ይልቅ ማጉያው የማይለዋወጥ 4×32 ይመረጣል፤ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በመታ ቁጥር ዒላማውን የመሳት ዕድሉ ይቀንሳል። ዓይን ከሌንሱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፣ አለዚያ ቅንድብ ይሰነጠቃል። ቴሌስኮፕ ባይኖኩላርን አይተካም፤ በእርሱ ማሰስ ማለት አፈሙዙን ባልታወቀ ነገር ላይ ማነጣጠር ነውና። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ስላለም፣ ከመግዛት በፊት የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ግድ ነው። ባይኖኩላርም ቢሆን ከውጭ ይዘው ሲገቡ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ዘመድ ከማስቸገር በፊት አስቀድመው ያጣሩ።

ከገዙ በኋላ የሚቀረው ማስተካከል ነው። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመካከለኛው ጎማ የግራውን ምስል ያጥሩ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍነው ጎማውን ሳይነኩ በቀኝ መመልከቻው ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ ያዙሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ጎረቤት ተውሶ ሲመልስ ሁልጊዜ ዞሮ ይገኛል።