ፓይለቱ መቼ ነው የጠፋው? የመኖሪያ መኪና የጋዝ ማሞቂያ ችግርና መፍትሄ

ብርዱ ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎት ማሞቂያውን ሲያዩት ያ ዋናውን እሳት የሚለኩሰው ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል፣ ፓይለቱ፣ የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ምኑ ተበላሸ?» ይልና ነገ የሚገዛውን ዕቃ ያስባል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው «መቼ ነው የጠፋው?» ብዬ ነው። ጭራሽ አልለኮስ ብሎ ነው? ቁልፉን ሲለቁት ነው የጠፋው? ሲነድ አምሽቶ ሌሊት ላይ ነው? ወይስ ማራገቢያው ሲነሳ? የጠፋበት ሰዓት ከታወቀ ግማሹ ሥራ አልቋል።

በቅድሚያ ግን ማሞቂያዎ ፓይለት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። አዳዲሶቹ ሁልጊዜ የሚነድ ትንሽ እሳት የላቸውም፤ ሙቀት ሲፈለግ ራሳቸው ጠቅ ጠቅ እያሉ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይለኩሳሉ። ከታች የምለው «ኦፍ፣ ፓይለት፣ ኦን» የሚል የሚዞር ቁልፍ ስላላቸው የቆዩ ማሞቂያዎች ነው።

ክብሪት ከመጫርዎ በፊት ጎንበስ ብለው ወለሉን ያሽትቱ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ቢያፈስ የሚተኛው ወለል ላይና በየመሳቢያው ሥር ነው፤ ቆሞ ያሸተተ ሰው ላይሰማው ይችላል። ከሸተተዎት መብራት እንኳ አይንኩ፤ በሩን ከፍተው ይውጡና ሲሊንደሩን ከውጭ ይዝጉ። ካልሸተተም ሞክረው ባልበራ ቁጥር ቁልፉን ወደ «ኦፍ» መልሰው 5 ደቂቃ ይታገሱ። የተጠራቀመ ጋዝ ላይ የሚጫር ክብሪት ቅንድብ ይዞ ይሄዳል።

ጭራሽ አይለኮስም

እዚህ ላይ ምስክሩ የማብሰያው ምድጃ ነው፤ ጋዝ የሚያገኘው ከዚያው ሲሊንደር፣ በዚያው ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት በሚያስተካክለው ዕቃ) በኩል ነውና ይለኩሱትና ይዩት።

ምድጃውም ካልነደደ ችግሩ ማሞቂያው ዘንድ አይደለም። ሲሊንደሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አይሳቁ፣ ስንቱ ማሞቂያ በዚህ ምክንያት ተፈታቷል። ሲሊንደሩ ገና የተቀየረ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩ ወጥቶ ጋዙ እስኪደርስ ምድጃውን ደጋግመው ይለኩሱ፣ ከዚያ ወደ ማሞቂያው ይሂዱ። የፓይለት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ አየሩ በዚያ በኩል ብቻ ይውጣ ከተባለ ቁልፉን ተጭኖ መጠበቅ ጣት ያደነዝዛል።

ምድጃው ቢነድም እሳቱ ደካማ ከሆነ ሲሊንደሩን እንዴት እንደከፈቱት ያስታውሱ። በብዙዎቹ ማያያዣዎች ውስጥ ጋዝ በድንገት ሲሮጥ ቱቦ የተበጠሰ መስሎት ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ አለ። ቫልቩን ባንዴ ያዞረ ሰው እሱን ያስነሳዋል። መድኃኒቱ ምድጃውንም ማሞቂያውንም ሲሊንደሩንም ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና እንደገና በጣም በዝግታ መክፈት ነው። ቢመላለስ ግን መከላከያው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈስ ቦታ ይፈልጉ።

በብርድ አገር ደግሞ የጋዙ ዓይነት ራሱ ጥያቄ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ሲሊንደሩ ቡቴን የበዛበት ቅልቅል ከያዘ ሲወዘውዙት ፈሳሹ እየተሰማ ጋዝ አይወጣም። ፕሮፔን ማስሞላት እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ምድጃው ደህና ነድዶ ፓይለቱ ብቻ እምቢ ካለ የፓይለቱ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። አቧራ፣ ዝገት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሸረሪት ድር። መኪናው ወራት ከቆመ ሸረሪት የማትገባበት ቱቦ የለም። ሲሊንደሩን ዘግተው ኖዝሉን፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበትን ትንሽ ብረት፣ ይፍቱ፣ አልኮል ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ ንፉበትና በደንብ ይድረቅ። ሽቦ ወይም መርፌ እንዳይነካው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ በቀጭን ሽቦ ጎረጎርኩት፤ ቀዳዳው ሰፋና ነበልባሉ ረዝሞ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ጥላሸት መትፋት ጀመረ። አዲስ ኖዝል ገዝቼ ነው የተገላገልኩት።

ይበራል፣ ቁልፉን ስለቀው ይጠፋል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የሚቀየር ዕቃ የሚበዛውም እዚህ ነው።

የፓይለቱ ነበልባል ውስጥ ጫፏ የምትገባ የእርሳስ ያህል ቀጭን ዘንግ አለች፤ ቴርሞኮፕል ትባላለች። ሁለት የተለያዩ ብረቶች የተገጣጠሙባት ስለሆነች ጫፏ ሲግል ትንሽ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ደህናዋ ከ25 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል። ይህች ኢምንት ኃይል የጋዝ ቫልቩ ውስጥ ያለ ማግኔት ይዛ ጋዙን ክፍት ታደርጋለች። እሳቱ ሲጠፋ ዘንጓ ትበርዳለች፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። እርስዎ ቁልፉን ተጭነው ሲይዙ የማግኔቱን ሥራ በጣትዎ እየሠሩለት ነው። ስለዚህ ሲለቁ የሚጠፋው ማግኔቱ በቂ ኃይል ስላልደረሰው ነው። ለምን እንዳልደረሰው ከቀላሉ ጀምረው ይፈትሹ።

መጀመሪያ ትዕግሥት፤ 10 ሰከንድ አይበቃም፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ነበልባሉን ይዩ። የዘንጓ ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ያህል እሳቱ ውስጥ መዋጥ አለባት፤ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ከእሳቱ ፈቀቅ ብላ ከሆነ መልሰው ያስጠጓት። ነበልባሉ ራሱ አጥሮ ዘንጓ ጋ የማይደርስ ከሆነ ጥፋቱ የዘንጓ አይደለም፣ ከላይ ያልኩት ኖዝል ነው። ጫፏ በጥላሸት ከተሸፈነች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርገው ይጥረጉ።

ቀጥሎ ሌላኛው ጫፏ ቫልቩ ላይ የታሰረባት ዳዶ። ለሚሊቮልት ትንሽ ዝገት ትልቅ ግንብ ነው። ፈትተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና በጣት እስኪጠብቅ ካሰሩ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጫፉን ይጨፈልቀዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከጠፋ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያምጡ። ዘንጓን ከቫልቩ ፈትተው፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ፓይለቱን እያነደደ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ የመዳብ ገላዋ ላይ፣ ሌላውን የመጨረሻ ጫፏ ላይ ያድርጉ። ከ20 ሚሊቮልት በታች ከቆየች ዕድሜዋ አልቋል፤ ርካሽ ዕቃ ናት፣ ይቀይሯት። 28 እያነበበች ማግኔቱ ከለቀቀ ግን ቫልቩ ነው። የጋዝ ቫልቭ ተፈትቶ አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል፤ ይህን ለባለሙያ ይስጡት።

ሲነድ አምሽቶ ሌሊት ይጠፋል

ነፋስ ከሆነ በቀላሉ ይታወቃል፤ የጭስ መውጫው ያለበትን ጎን ከነፋሱ አዙረው ያቁሙና ያድር እንደሆነ ይዩ። ሳይነፍስ ከጠፋ ሬጉሌተሩን ይጠርጥሩ። ሬጉሌተር የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ጭቃ ወይም በረዶ ከደፈናት የጋዙ ግፊት ይዛባል። ቀዳዳዋ ወደ ታች ማየት አለባት፣ ከላይም መሸፈኛ ያስፈልጋታል። ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውኃ ያፍስሱበት፤ በእሳት እንዳይሞክሩት። ንጋት ላይ የሚጠፋና ሲሊንደሩ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ደግሞ የቀረው ትንሽ ፈሳሽ በብርዱ ፈጥኖ አይተንም፤ ወደ ሙሉው ሲሊንደር ያዛውሩ።

ማራገቢያው ሲነሳ ይጠፋል ወይም ይንቀጠቀጣል

ይህን ምልክት ሳይ ማሞቂያውን እዘጋለሁ፣ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ነው የምፈልገው። እሳቱ የሚነድበት ብረት ክፍል አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚሰድ፣ ከመኝታ ክፍሉ አየር ጋር የማይገናኝ ዝግ ሳጥን ነው። በብዙዎቹ ማሞቂያዎች አንድ ሞተር የክፍሉንም የእሳቱንም አየር ስለሚነዳ ነበልባሉ ትንሽ ቢወዛወዝ አያስደነግጥም። ቢዘል፣ ወደ አንድ ጎን ቢጋደም፣ ወይም ቢጠፋ ግን ሦስት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ የጭስ መውጫውን ተርብ ቤት ሠርታበታለች፣ ወይ የፓይለቱ መመልከቻ ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አልቋል፣ ወይ ሳጥኑ ተሰንጥቋል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት የሚስተካከሉ ናቸው። ሦስተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድን መኝታዎ ውስጥ የሚያስገባ ነው፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የሚያደርሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም ጉንፋን ይመስላል። ስንጥቅ በማጣበቂያ አይደፈንም፣ ሳጥኑ ይቀየራል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎንም ጀርባ ያንብቡት፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው የሚያገለግሉት።

ፓይለቱ ይነድዳል፣ ማሞቂያው ግን አይነሳም

ቁልፉ «ፓይለት» ላይ ቀርቶ እንዳይሆን፤ ወደ «ኦን» ያዙሩት። ከዚያ ባትሪው። ማራገቢያው የ12 ቮልት ነው፣ ባትሪው ከደከመ በዝግታ ይዞራል፤ በቂ ነፋስ ካልመጣ ደግሞ የነፋስ ማብሪያው (የማራገቢያው ነፋስ ሲገፋው የሚበራው) ዋናውን ጋዝ አይፈቅድም። ባትሪው ሞልቶ ያው ከሆነ ፊውዙንና ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ይዩ።

የትኛውንም መገጣጠሚያ ከፈቱ፣ መልሰው ካሰሩ በኋላ የሳሙና አረፋ ይቀቡትና ሲሊንደሩን ከፍተው ይጠብቁ። አረፋው ካበጠ እንደገና ያስሩታል። መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት፣ በተለይ ወደ ነዳጅ ማደያ ከመግባትዎ በፊት፣ ፓይለቱን ያጥፉ፤ ሲደርሱ መለኮስ አንድ ደቂቃ ነው።