የ«ዝንጅብል»ን የዘር ሐረግ ስንመዝ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

«ዐረብኛ ነው» ብሎ መዝጋት። አማርኛ ቃሉን ከዐረብኛው «ዘንጀቢል» ማግኘቱ እውነት ነው። ዐረብኛም ግን ከሌላ የተቀበለው ነው። ቃሉ ቁርኣን ውስጥ (76፥17) ከመግባቱ በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስኮሪዲስ ስለ ዝንጅብል ጽፏል። ምንጩ ሕንድ ነው፤ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «ሽሪንጋቬራ»፣ የቡድሃ እምነት ጥንታዊ መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ «ሲንጊቬራ» ይባላል።

ሁሉንም ቋንቋ በአንድ መስመር መደርደር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አናባቢዎቹን ትታችሁ ተነባቢዎቹን ብቻ ጎን ለጎን ጻፉ፦

ላቲን፦ ዝ-ን-ግ-ብ-ር
ዕብራይስጥ፦ ዝ-ን-ግ-ብ-ል
ዐረብኛ፦ ዝ-ን-ጅ-ብ-ል
አማርኛ፦ ዝ-ን-ጅ-ብ-ል

ሦስተኛውንና አምስተኛውን ፊደል ተመልከቱ። ሕንድ ውስጥ የነበረው «ር» በግሪክና በላቲን ሳይለወጥ ቀርቷል፤ በሴማውያኑ ዘንድ «ል» ሆኗል። «ግ»ን ወደ «ጅ» የለወጠው ዐረብኛ ነው። የእኛ ቃል ሁለቱንም ለውጥ ስለያዘ «በአክሱም ዘመን ከግሪክ የመጣ ነው» የሚለው ግምት አያስኬድም። የእንግሊዝኛው «ጂንጀር» ግን እንዳያሳስታችሁ፤ የእሱ «ጅ» የመጣው የላቲኑ «ግ» ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» በፊት በመለስለሱ ነው። መጨረሻው «ር» መሆኑም የላቲን ዘር መሆኑን ይናገራል።

የዛሬውን ሂንዲ እንደ ምስክር መጥራት። ሂንዲ ለእርጥቡ «አድራክ»፣ ለደረቁ «ሶንት» ይላል። ሁለቱም ከሌሎች የሳንስክሪት ቃላት የመጡ ናቸው።

ከዛንዚባር ጋር ማያያዝ። የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። የደሴቲቱ ስም «የጥቁሮች ጠረፍ» ከሚለው የፋርስ ስያሜ የመጣ ነው።

የ«ቀንድ»ን ትርጉም እንዳለ መቀበል። በሳንስክሪት «ሽሪንጋ» ቀንድ፣ «ቬራ» ደግሞ አካል ስለሆነ «ቀንድ የሚመስል አካል» የሚል ፍቺ በየቦታው ይጻፋል። የዝንጅብል ሥር ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ስለሚመስል ፍቺው ያሳምናል፤ ሆኖም ሳንስክሪት የባዕድ ቃል ተቀብሎ በራሱ ቃላት አምሳል ያበጀው ነው። የደቡብ ሕንዱ ታሚል ዝንጅብልን «ኢንጂ»፣ ሥርን «ቬር» ይላል። «መጀመሪያው ላይ ያለው የፓሊ ‹ስ›፣ የሳንስክሪት ‹ሽ› ታዲያ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሊቃውንት ጥንታዊው የድራቪዳ (ታሚል የሚገኝበት የደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ቤተሰብ) ቃል በ«ች» ይጀምር እንደነበር፣ ታሚል ውስጥ ይህ ድምፅ እንደወደቀ ያስረዳሉ። ስለዚህ መነሻውን ስትጽፉ «ሳንስክሪት፣ ከድራቪዳ የተወሰደ» በሉ።